አባቴን እንድጠይቅ ከበር ያስወጡኝ አዴ ሙሚና

አዴ ሙሚና ዩሱፍ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ ልጃቸው ረምላ እጃቸውን እንደያዘች ዐርፈዋል። ሳንባቸውን ታመው ከተኙ አንድ ወር እንኳ አልሞላም ነበር። በዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ቀብራቸው ሲፈጸም፣ ከመጦሪያችን መራመድ የሚችሉት ወንዶች አረጋውያን ከዘራቸውን ይዘው ወደ መቃብሩ ሄዱ፤ ሴቶቹ ለቅሶ ቤት ተቀመጡ። ግቢያችን ውስጥ የቀሩት ተረኞቹና አልጋ ላይ ያሉት ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሽኝት ከዚህ በፊት ለማንም አድርገን አናውቅም።

ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለሚያውቁ ሁሉ ነው፤ ለመጋላ ጎረቤቶቻቸው፣ ወላጆቻቸውን እኛ ዘንድ አስቀምጠው ለሚመላለሱ ልጆች፣ አስቀምጠው ለጠፉትም ጭምር። እኔ ሰብለ ተሾመ እባላለሁ። እዚሁ ድሬዳዋ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስና የተንከባካቢዎች ተራ ኃላፊ ነኝ። እናት እንደማለት «አዴ» የምንላቸው ሙሚና ልብስ አጣቢያችን ነበሩ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ስለ እሳቸው ጀምሬ ሳልስቅ መጨረስ ስለማልችል ለቅሶ ቤት ሁለት ጊዜ በክርን ተጎሽሜአለሁ። የምነግራችሁ ታሪክ ግን እኔን የሚያስመሰግን አይደለም።

የሥራ ቦታቸው ከግቢው ጓሮ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ነበር። ሦስት ትላልቅ ሳፋዎች፣ አንድ አጭር ዱካ፣ ከግንቡ እስከ ግንቡ የተወጠሩ አራት የልብስ ማስጫ ገመዶች። የድሬን ፀሐይ ሁላችንም እንራገማለን፤ እሳቸው ግን «ይህች ፀሐይ እኮ ደመወዝ የማትጠይቅ ረዳቴ ናት» ይሉ ነበር። ከዛፉ ሥር ሆነው ከአንዱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከሌላዋ ጋር በሱማሌኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ሲናደዱ ደግሞ ሦስቱንም ይቀላቅሏቸዋል። እንደ ድሬ ሰው ወግ «አንተ» እና «አንቺ» የማይሉት ሰው አልነበረም። ሥራ አስኪያጃችን ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነውና መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር ክፉኛ ከብዶት ነበር። በኋላ ግን እሳቸው «አንተ» ሳይሉት የዋሉ ቀን «ምን አጥፍቼ ነው?» እያለ ይጠይቀን ጀመር።

በሌሎች መጦሪያዎች ልብስ ይደባለቃል፤ የአንዱ ሸሚዝ ለሌላው ይደርሳል። እኛ ዘንድ ይህ አልነበረም። አዴ ሙሚና በእያንዳንዱ ሰው ልብስ ኮሌታና አንሶላ ጫፍ ላይ አንድ ቀለም ክር ይሰፉ ነበር፤ ለአንዷ ቀይ፣ ለአንዱ ቢጫ፣ ቀለሙ ሲያልቅባቸው ደግሞ ቀይና ቢጫ ተጠምዝዞ። «ሰው እዚህ ሲመጣ ቤቱን ትቶ፣ ዕቃውን ትቶ ነው። ሸሚዙን ደግሞ እኛ ልናስጥለው ነው?» ይላሉ። አንድ ጊዜ ጎብኚዎች ሊመጡ ነው ተብሎ አዳዲስ አንሶላዎች ከመጋዘን ወጥተው ተነጠፉ። ጎብኚዎቹ ከሄዱ በኋላ አንሶላዎቹ ተሰብስበው እንዲመለሱ ታዘዘ። አዴ ሙሚና ወገባቸውን ይዘው ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሙ።

«አንሶላ ከሰው ሥር የሚወጣው ሲቆሽሽ ነው። ቆሽሿል?»

«አልቆሸሸም፣ ግን...»

«አልቆሸሸም አልክ። ሀዬ፣ ጨርሰናል።»

አንሶላዎቹ ዛሬም ተነጥፈዋል፤ እርግጥ አሁን ከመታጠብ ብዛት ሳስተዋል።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። አባቴ ተሾመ በድሬዳዋ የታወቀ የፔጆ ታክሲ ሹፌር ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ከዚራ ሰፈር ብቻውን ሲኖር ቆይቶ አንድ ቀን ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። እኔ የምኖረው ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ሳቢያን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ፤ ቤቴ ደግሞ ለሚንፏቀቅ ሰው የሚመች አይደለም። መጦሪያው አባቴን እንዲቀበልልኝ አመለከትኩ፤ ተቀበለልኝም። ወዲያው ወሬ ተጀመረ። «ልጅ እያለው! ኃላፊ ስለሆነች ነዋ!» ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ።

ያን ጊዜ በልቤ አንድ ውሳኔ ወሰንኩ፤ አድሎ አደረገች የሚል ቃል ማንም አይናገርብኝም። አባቴን በሰው ፊት «አቶ ተሾመ» እያልኩ እጠራው ጀመር። ዕድሜዬን በሙሉ «አባዬ፣ አንተ» ስለው የኖርኩትን ሰው «መድኃኒትዎን ወስደዋል?» አልኩት። እሱም ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ ፈገግ ብሎ «አዎ ሲስተር» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜን መጥራት ተወ፤ «ሲስተር» ሆንኩ። ቁጥብነታችን ያኮራኝ ነበር። ዐሥራ ሁለት አልጋ ባለው ክፍል ውስጥ የሌሎቹን ትራስ ሳስተካክል፣ ጨዋታ ሳወራ ቆይቼ የአባቴ አልጋ ጋ ስደርስ ኪኒኑን ሰጥቼ አልፋለሁ። ብቆም ሰው ያየኛል ብዬ።

ተንከባካቢዎቹ ደግሞ በበኩላቸው «የአቶ ተሾመን ነገር ልጃቸው ታውቃለች» ብለው ተዉት። እኔ «ተረኞቹ ያውቃሉ» ብዬ ተውኩት። በዚህና በዚያ መካከል አባቴ የማንም ሳይሆን ቀረ። ገላውን የሚያጥበው ጠፋ፤ ጢሙ አደገ፤ ጥፍሩ ረዘመ። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ የሚገባን ሰውዬ አንድ ጎኑ ላይ ውሎ ያድር ነበር። እሱም አንድ ቀን እንኳ አልተጣራም። ይህ ሁሉ የሆነው ክፉ ሰዎች ስለነበርን አይደለም። ግን ሆነ፤ ዓይናችን ሥር ሲሆንም አላየንም።

ያዩት ልብስ አጣቢዋ ናቸው፤ እሳቸውም ያዩት በክር ነው።

አንድ ጠዋት የመድኃኒት ዙር ጨርሼ ሳልፍ ከኒሙ ሥር ጠሩኝ። እጃቸው እስከ ክርናቸው አረፋ ነው።

«ሰብለ፣ ነይ እስቲ። ሰማያዊ ክር ሞቷል እንዴ?»

«ማን ነው ሰማያዊ ክር?»

«አባትሽ ነዋ! ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ አንሶላ አልመጣልኝም። ወይ ሞቷል፣ ወይ ራቁቱን ነው፣ ወይ አላጠባችሁትም። የቱ ነው?»

ተረኛዋን እጠይቃለሁ ብዬ ልሄድ ስል ክንዴን ያዙኝና አረፋቸውን ሳያደርቁ እየጎተቱ ወደ ክፍሉ ወሰዱኝ። አባቴ ነቅቶ ተጋድሞ ነበር። አዴ ሙሚና «ፍቀድልኝ» ብለው ብርድ ልብሱን ከእግሩ በኩል ገለጡት። የቀኝ ተረከዙ ቆዳ ቀልቶ መላጥ ጀምሯል። የአልጋ ቁስል ነው። ሥራዬ ይህ እንዳይሆን መጠበቅ ነበር፤ ለአዳዲሶቹ ተንከባካቢዎች የማስተምረውም ይህንኑ ነበር።

«አቶ ተሾመ፣ ለምን አልነገሩንም?» አልኩት፤ ያን ሰዓት እንኳ «እርስዎ» ማለቱን አልተውኩም።

«ሲስተር ሥራ ይበዛባታል» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለአዴ ሙሚና።

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁና ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። አዴ ሙሚና ተከትለውኝ ወጡ፤ አላባበሉኝም።

«አድሎ አደረገች እንዳልባል ብዬ እኮ ነው» አልኳቸው።

«አድሎ? ከሰው እኩል ብታደርጊው ማን ይናገርሽ ነበር? አንቺ እኮ ከሁሉም በታች ነው ያደረግሽው፣ አቦ!»

እሳቸው ንግግሩን እዚያው ጨርሰው ወደ ሥራ ገቡ። አንድ ወንድ ተንከባካቢ ጠርተው ውኃ አስሞቁ፤ አባቴ ታጠበ። እኔ ቁስሉን አጥቤ ሸፈንኩ፤ ተረከዙን ከፍ የሚያደርግ ትራስ አበጀሁለት። አንሶላውን ራሳቸው ሰብስበው ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«እሁድ ተረኛ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው እሁድ መጥተሽ ጠይቂው።»

«አዴ፣ በየቀኑ እኮ ነው የማየው።»

«ታዪዋለሽ እንጂ መች ጠየቅሽው?»

እሁድ መጣሁ። ከልማዴ የተነሣ በሠራተኛ መግቢያ ገባሁ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሄጄ ነጭ ጋውኔን ለበስኩ። ቁልፉን ቆልፌ ሳልጨርስ፣ እሁድ የዕረፍት ቀናቸው የሆነው አዴ ሙሚና ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ከኋላዬ ቆመዋል። ጋውኑን ከትከሻዬ ገፈው፣ ወደ ጓሮ ይዘውት ሄደው ሳፋው ውስጥ ደፈቁት። አረፋው ውስጥ ሲሰምጥ በመስኮቱ አየሁት።

«ንጹሕ ነበር እኮ!» አልኩ።

«አሁን ይበልጥ ይነጻል። ውጪ!»

ክንዴን ይዘው በግቢው መሐል፣ አረጋውያኑ ሁሉ እያዩ፣ እስከ ዋናው በር ወሰዱኝ። ዘበኛችን ጋሽ ሙሉጌታ ብድግ አለ። አዴ ሙሚና ወደ ውጭ ገፋ አደረጉኝና በሩን ዘጉ። ከዚያ በቀዳዳው በኩል ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ ውጭ አንዲት ሴትዮ አለች፤ አላውቃትም። ባዶ እጇን ነው የመጣችው። ሰው የሚጠየቀው እንዲህ አይደለም በላት።»

ጋሽ ሙሉጌታ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ሣቁን እያፈነ፣ «ባዶ እጅዎን ነው አሉ፣ እመቤት» አለኝ። ዞሬ እስከ ቀፊራ ገበያ በእግሬ ሄድኩ። አባቴ ሙሸበክ ይወድ ነበር፤ ልጅ ሳለሁ ሥራ ውሎ ሲመለስ ያንን ስኳር የጠጣ፣ ጣት የሚያጣብቅ የሊጥ ጥብስ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣልኝ ነበር። እሱን ገዛሁና ተመለስኩ። ጋሽ ሙሉጌታ አሁን የጠያቂዎቹን መዝገብ ዘርግቶ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል።

«ማንን ነው የሚጠይቁት?»

«አቶ ተሾመን።»

«ምናቸው ነዎት?»

በዚያ ግቢ ውስጥ ያን ቃል ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ጋሽ ሙሉጌታም መሣቁን ተወና እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀኝ።

«ልጁ ነኝ» አልኩ።

አባቴ ከኒሙ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ጢሙ ተላጭቷል፣ ጥፍሩ ተቆርጧል፣ ሸሚዙ በካውያ ተተኩሶ ቀጥ ብሏል። አዴ ሙሚና ማለዳ «ዛሬ እንግዳ አለብህ» ብለው ብቻ ነግረውት፣ ማን እንደሆነ ሲጠይቃቸው «ሲስተር አይደለችም» ብለውት ነበር። እኔ ወረቀቴን ይዤ ስመጣ ሲያይ ዓይኑን አጨንቁሮ ቆየ። ከዚያ «ሰብልዬ!» አለ። ስምንት ወር ሙሉ ስሜን ከአፉ አልሰማሁትም ነበርና ጉልበቱ ላይ ተደፋሁ።

ብዙ አወራን። ልጆቼ ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ፣ የከዚራው ቤት ማንጎ አፍርቶ እንደሆነ፣ ፔጆውን የገዛው ሰው ዘይቱን በጊዜው ይቀይር እንደሆነ ጠየቀኝ። ስምንት ወር ሙሉ ሊጠይቀኝ እየፈለገ ያስቀመጠው ነገር ነው። ለምን እንዳልተጣራ ስጠይቀው «ኃላፊ መሆንሽ ደስ ይለኝ ነበር። ላበላሽብሽ አልፈለግሁም» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ሙሸበኩ ሳይቀዘቅዝ እንብላ» አለ፤ የእሱ ይቅርታ እንደዚያ ነበር።

አዴ ሙሚና ሳይጋበዙ ዱካቸውን ስበው መጡ። አንድ ሙሸበክ አነሡና በጣታቸው ወደ አባቴ አመለከቱ።

«ይህን ሰውዬ ከድሮ ጀምሮ ነው የማውቀው። ከጀልዴሳ ለሽያጭ ያመጣሁትን ፍየል ታክሲዬ ላይ አልጭንም ብሎ ከቀፊራ እስከ መጋላ በፀሐይ ያስኬደኝ እሱ ነው!»

አባቴ ወንበሩ ላይ ተነቃነቀ። «አንቺ ነሽ እንዴ? ፍየል ብቻ ነው እንዴ? ሦስት ፍየል ነበሩ! አንዱ ደግሞ መሪዬን ሊበላ ነበር!»

«ወላሂ መሪህን ቢበላው ይሻል ነበር፤ ነዳጅ ትቆጥብ ነበር!»

አባቴ እንደዚያ ሲሥቅ እናቴ ከሞተች ወዲህ አላየሁትም። ሌሎቹም አረጋውያን ሣቁን ሰምተው መጡና ሙሸበኩ ለሁሉም አልደረሰም።

በማግሥቱ የሠራተኛ ስብሰባ ነበረ። ተነሥቼ የሆነውን ሁሉ፣ የተረከዙን ቁስል ጭምር፣ ራሴ ተናገርኩ። ሥራ አስኪያጁ ለሦስት ወር ከኃላፊነቴ አነሣኝ። ለእያንዳንዱ አረጋዊም በስሙ የሚጠየቅ አንድ ተንከባካቢ እንዲመደብለት ተወሰነ፤ የሠራተኛ ቤተሰብ ከሆነም ሌላ ሰው እንዲይዘው። አዴ ሙሚና ይከራከሩልኛል ብዬ ስጠብቅ «ተገቢ ነው፣ ትቀጣ» አሉ። ምሳ ሰዓት ግን ሳህናቸውን ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ከእኔ ጋር በሉ።

ያኔ ነው አስቀድመው ለሥራ አስኪያጁ ለምን እንዳልከሰሱኝ የጠየቅኋቸው።

«እናቴ ገጠር፣ ጀልዴሳ ነበረች። እኔ እዚህ ከተማ ሥራ ላይ። በመጣ በሄደ መኪና ሁሉ ስኳርና ሻይ ቅጠል እልክላታለሁ። ጠየቅኋት እያልኩ እኮ ነው! ስትሞት ቤቷ ገባሁ። ስኳሩ ግማሹ እንዳለ ተቀምጧል። ስኳር ከሰው ጋር አያወራም፣ ሰብለ። እኔን ማንም ከበር አስወጥቶ አልመለሰኝም።»

ይህን ብለው ሳህኑን አንሥተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ስለ እናታቸው አንሥተው አያውቁም።

ሌላም ልንገራችሁ። ከዚያች እሁድ በኋላ አዴ ሙሚና አዲስ ልማድ ያዙ። የዕረፍት ቀናቸው ነበርና እሁድ እሁድ ቤታቸው ታጥበው፣ አበባ ያለበትን ድሪያ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ እኛ በምናውቀው በር ሳይሆን በዋናው በር ይመጡ ነበር። ጠያቂ የሌለውን አንዱን ሰው ይመርጡና የእሱ ጠያቂ ሆነው ይመዘገባሉ። ጋሽ ሙሉጌታ «ምናቸው ነዎት?» ይላቸዋል፤ እሳቸው በየሳምንቱ ሌላ ዝምድና ይፈጥራሉ። የአክስት ልጅ ሆነዋል፣ ምራት ሆነዋል፣ የጡት እናት ሆነዋል። አቶ ገብሬ የሚባሉ፣ ለብዙ ዓመት ማንም ጠይቋቸው የማያውቅ አዛውንት አሉን። አንድ እሁድ አዴ ሙሚና ሙዝ ይዘው አልጋቸው ጋ ቆሙና «የመጀመሪያ ሚስትህ ነኝ» አሏቸው።

አቶ ገብሬ ደነገጡ። «እኔ እኮ አግብቼ አላውቅም!»

«አየህ፣ ረሳኸኝ! ጥዬህ የሄድኩት ለዚህ ነው።»

ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። አቶ ገብሬ በሚቀጥለው እሁድ ከማለዳ ጀምሮ ፀጉራቸውን አበጥረው በር በሩን ሲያዩ ዋሉ፤ አዴ ሙሚናም ተራቸው ባይሆንም ሄዱላቸው። ማክሰኞ ዕለት አቶ ገብሬም መቃብሩ ድረስ ሄደው ነበር። ማታ እራት ላይ «ሚስቴን ቀበርኩ» አሉ። ማንም አልሣቀም፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ቀድመው የሣቁት፣ ከዚያ ሁላችንም።

አባቴ ቁስሉ ድኖ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል። ለቅሶ ቤት ሦስቱንም ቀን ተቀምጧል። ለመጣው ሁሉ የፍየሎቹን ታሪክ ሲያወራ ፍየሎቹ በመጨረሻው ቀን አምስት ደርሰው ነበር። ረምላ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የስፌት ሥራዋ ፈቃድ ወስዳ እንግዳ ስታስተናግድ ይህን ስትሰማ «እናቴ ብትኖር ሰባት ታደርጋቸው ነበር» አለች።

እንግዲህ አዴ ሙሚና፣ አሁን ከእርስዎ ጋር ላውራ። ከኒሙ ሥር ያሉትን ሳፋዎች ማንም እስካሁን አልነካቸውም። አዲስ ልብስ አጣቢ ትመጣለች፤ እርስዎ እንዳደረጉት እንድታደርግ እኔ አጠገቧ ቆሜ አሳያታለሁ። ሥራ አስኪያጁ አልቅሷል፤ ላየው ሰው ሁሉ አቧራ ገብቶብኝ ነው ብሏል። ረምላን ብቻዋን አንተዋትም። ስለዚህ ሁሉ ይጨነቁ እንደነበር ስለማውቅ ነው የምነግርዎ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርዎ ቀርቻለሁ። ስንት ጊዜ ላመሰግንዎ ብዬ ወደ ጓሮ መጣሁ! አፌን ስከፍት የእርጥብ አንሶላ ጫፍ እጄ ላይ አድርገው «ያዢ፣ ጥመዢ» ይሉኝ ነበር። እኔ በዚያኛው ጫፍ፣ እርስዎ በዚህኛው ጫፍ ስንጠመዝዝ ውኃው እግራችን ላይ ይወርድና ሣቅ ይይዘን ነበር፤ ነገሬም ይረሳኝ ነበር። ዛሬ አንሶላ የሚያስይዘኝ የለምና ልበለው። አባቴን መልሰው ሰጥተውኛል። አመሰግናለሁ፣ አዴ ሙሚና። አላህ በሰፊው ደጁ ይቀበልዎ።